ዕቁቡን ለካሜራ አታውለው፣ መጀመሪያ ባጃጅ አንሳ

አንድ የጎንደር ልጅ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ ሰላም ነው? 23 ዓመቴ ነው፣ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነው ምሰራው። ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት አነሳለሁ፣ ጥምቀት ሲደርስ ደሞ የአፄ ፋሲል መዋኛ ጋ አልጠፋም። ካሜራዬ ያገለገለ ካነን 700ዲ ነው፣ 18-55 እና 55-250 ሌንስ አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ናይሮቢ ነው ሚሰራው፣ ለሚቀጥለው ሳፋሪ ራሊ፣ ለኬንያው የመኪና ውድድር፣ ናይቫሻ ድረስ ወስጄ አሳይሃለሁ ብሎኛል። የመኪና ውድድር ከልጅነቴ ጀምሮ ነፍሴ ነው ግን አንስቼ አላውቅም። ለመለማመድ ብዬ አዘዞ መንገድ ላይ ቆሜ ሚያልፈውን መኪና ሳነሳ ወይ ድብዝዝ ይልብኛል ወይ ደሞ የቆመ መኪና ይመስላል። ጓደኞቼ ችግሩ ካሜራህ ነው አሉኝ። ዕቁቤ በቅርቡ ይደርሰኛል፣ በሱ ላይ ትንሽ ተበድሬ አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይስ ምን ይመክሩኛል?»

ሰላም ነው የኔ ወንድም። መልሱን መጀመሪያ ልንገርህና ከዛ ምክንያቱን እናወራለን፣ አትግዛ። ዕቁብ ማለት ስንት ወር ከአፍህ እየነጠልክ ያጠራቀምከው ገንዘብ ነው፣ በዛ ላይ ብድር ጨምረህ አዲስ ካሜራ ብትይዝ አዘዞ መንገድ ላይ ምታገኘው ፎቶ ያው ራሱ ነው ሚሆነው። 700ዲ በሴኮንድ 5 ፍሬም ያነሳል፣ 9 የፎከስ ነጥብ አለው፣ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ሰው እኮ የመኪና ውድድር 36 ፍሬም ፊልም ብቻ ይዞ፣ ፎከሱን በእጁ እያዞረ ያነሳበት ዘመን ረጅም ነው፣ እስከዛሬ ምናደንቃቸው ስንት ፎቶዎች የዛ ዘመን ናቸው። ጓደኞችህ አስበውልህ እንደሆነ ይገባኛል ግን በዚህ አልስማማም።

ችግርህ የት ጋ እንዳለ ራስህ ነግረኸኛል። ጥምቀት አነሳለሁ አልክ አይደል? ውሃው ተባርኮ ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ ዘለው ወደ መዋኛው ሲገቡ ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን ሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/1000 ሴኮንድ ወይ ከዛም ያጠረ ታደርገዋለህ፣ ልጁ አየር ላይ ቀጥ ይላል፣ ውሃው እንደ ጨሌ ተበትኖ ይቀራል፣ ያምራል። ሚያምረው ግን ለምንድነው ብለህ አስበህ ታውቃለህ? ሰው አየር ላይ ቆሞ ሊቀር ስለማይችል፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ልጁ እየወደቀ እንደሆነ ያውቃል፣ እንቅስቃሴውን አይኑ ራሱ ይጨርሰዋል። መኪና ግን ቢቆምም ቢበርም ያው መሬት ላይ ነው ያለው። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል፣ የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር አካባቢ ነው ብንል በሴኮንድ 14 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ያንን በ1/1000 ስታነሳው መኪናው የሄደው 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ጎማው የዞረው 5 ዲግሪ ቢሆን ነው፣ የቸርኬው ብሎን ሳይቀር ይቆጠራል፣ በቃ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ነው። በ1/125 ሲሆን ግን ያው ጎማ 40 ዲግሪ ያህል ዞሯል፣ ቸርኬው ፈሷል፣ አይን ወዲያው «ይሄ እየሄደ ነው» ይላል። የቆመ ሚመስልብህ የጥምቀቱን ሹተር ለመኪና ስለምትጠቀም ነው። ድብዝዝ ሚልብህ ደሞ ሹተሩን ስትቀንስ ካሜራውን ይዘህ ቀጥ ብለህ ስለምትቆም ነው፣ መኪናው ይሄዳል አንተ አልሄድክም።

ስለዚህ መማር ያለብህ ነገር አንድ ነው፣ ከመኪናው ጋር መዞር። ፓኒንግ ይሉታል። ሹተሩ ክፍት ሆኖ እያለ ካሜራህ ከመኪናው እኩል ከዞረ መኪናው ለካሜራው የቆመ ያህል ነው፣ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ጀርባው ያለው ሱቅና ዛፍ ደሞ እንደ ቀለም ተጎትቶ ይፈሳል። አንባቢ ሁሉ እዚህ ጋ «እሺ ገባኝ» ይልና እጁን ማዞር ይጀምራል፣ ስህተቱ እዛ ነው። በእጅህ ከዞርክ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ወደላይ ወደታች ይላል። ሚዞረው ወገብህ ነው። እግርህን ትንሽ ከፍተህ ፊትህን ፎቶውን ልታነሳበት ወዳሰብከው ቦታ አዙረህ ቁም፣ መኪናው ወደሚመጣበት ሳይሆን ሚያልፍበት ቦታ ነው ምልህ። ከዛ እግርህን ሳታነሳ ከወገብህ በላይ ብቻ ወደሚመጣበት ጠምዘዝ በል። ክርንህን ጎንህ ላይ ለጥፈው፣ ግራ እጅህ ከሌንሱ ስር ይሁን። ከሩቅ ጀምረህ ተከተለው፣ ፊት ለፊትህ ሲደርስ ሰውነትህ ጥምዙ ተፈቶ ቀጥ ይላል፣ ያኔ ነው ምትጫነው። ከተጫንክ በኋላም መዞርህን አታቁም። ብዙ ሰው ሲጫን ይቆማል፣ ሳያውቀው፣ እና ፎቶው የሚበላሸው እዛች ላይ ነው። ያንተ ካሜራ ደሞ መስታወት ያለው ስለሆነ ስትጫን መስታወቱ ተነስቶ ምታይበት ቀዳዳ ለአፍታ ይጨልምብሃል፣ አትደንግጥ፣ ጨለማው ውስጥም በያዝከው ፍጥነት ዙር። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካርድ እንኳ ሳላስገባ እንዲሁ ስዞር ነበር ምውል፣ ወገቤ እስኪለምደው።

ሴቲንጉን ቶሎ ልለፈው ምክንያቱም አንዴ ካስተካከልከው በኋላ ምትነካው ሹተሩን ብቻ ነው። ሞዱን ቲቪ ላይ አድርገው፣ ሹተሩን አንተ ትመርጣለህ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት፣ እሱ ይመርጣል። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 100 ላይ ቆልፈው። ፎከሱን ሚሄደውን ነገር እየተከተለ ሚያስተካክለው ኤአይ ሰርቮ ላይ አድርገው፣ ሠርግ ላይ ምትጠቀምበት ዋን ሾት አንዴ ይይዝና ይቆማል፣ ለሚሄድ ነገር አይሆንም። ከ9ኙ ነጥብ መሃለኛዋን ብቻ ምረጥና መኪናው ላይ አንድ ቦታ ላይ አስቀምጣት፣ የፊት መብራቱ ወይ የሹፌሩ መስኮት፣ ዝም ብለህ «መኪናውን» ከተከተልክ አይንህ ይዋልላል። ተከታታይ ፍሬም አብራ ግን እንደ መትረየስ አትልቀቀው፣ 3 ወይ 4 ይበቃል። ሮው፣ ያልተጨመቀው ትልቁ ፋይል፣ ላይ ካደረግከው ከጥቂት ፍሬም በኋላ ሞልቶ ይቆምብሃል፣ ለልምምዱ ትንሹ ጄፔግ ይሁን። የእጅን መንቀጥቀጥ ሚቀንሰው የሌንሱ ስታቢላይዘር ደሞ አንዳንዴ አንተ ስትዞር እሱ ወደኋላ ሊመልስህ ይታገላል፣ ዘግተህም ከፍተህም ሞክርና ለአንተ ሚሻለውን ያዝ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ባጃጅ። አዘዞ መንገድ ላይ ሚሮጥ መኪና መጠበቅ አያስፈልግህም፣ ከደጅህ እያለልህ። እስኪ አስበው፣ በ30 ኪሎ ሜትር ሚሄድ ባጃጅ 5 ሜትር ርቀት ላይ ሲያልፍህ ወገብህ ሚዞርበት ፍጥነት በ100 ሚሄድ መኪና 17 ሜትር ርቀት ላይ ሲያልፍህ ከምትዞረው ጋር እኩል ነው። ለወገብህ ባጃጁና የራሊ መኪናው አንድ ናቸው! ባጃጁን በ18-55 ሌንስህ 35 አካባቢ አድርገህ ትሞላዋለህ፣ መኪናውን በሌላኛው ሌንስ 80 አካባቢ ላይ። ባጃጅ ላይ በ1/40 ምታገኘውን የጀርባ ፍሰት መኪናው ላይ በ1/90 አካባቢ ታገኘዋለህ። አየህ፣ ባጃጅ በ1/40 ጥርት አድርገህ ማንሳት ከቻልክ ናይቫሻ ስትደርስ እጅህ ስራውን ያውቀዋል።

ቦታውን በደንብ ምረጥ። ጃንተከል ዋርካ አካባቢ ጥላ አለ፣ ባጃጅ አይጠፋም። ፒያሳ ደሞ ከባጃጁ ጀርባ ሱቁ፣ ጃንጥላው፣ የተሰቀለው ልብስ፣ ቀለሙ ሁሉ ሲጎተት ያምራል። ባዶ ግድግዳ ፊት ከሆነ ግን ብትዞርም ሚፈስ ነገር ስለሌለ ድካምህ አይታይም። ከሁሉ ሚሻለው ኩርባ ነው፣ ጎንደር ደሞ ኩርባ ሞልቷታል። ከኩርባው ውስጠኛ በኩል ከመንገዱ ወጣ ብለህ ስትቆም ባጃጁ አንተን ከቦ ስለሚዞር ርቀቱ ብዙ አይቀያየርም፣ ፎከሱም አይደክም፣ ያንተም አዟዟር አንድ አይነት ይሆናል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ግን ትክክል ፊት ለፊትህ ሲደርስ ብቻ ነው ጥርት ሚለው፣ ቀደም ብለህ ካነሳኸው አፍንጫው ጠርቶ ኋላው ይደበዝዛል። ለተራ አስከባሪዎቹና ለሹፌሮቹ ደሞ መጀመሪያ ንገራቸው፣ ሰላም በላቸው፣ ምን እየሰራህ እንደሆነ አስረዳ። በዚህ ጊዜ መንገድ ዳር ካሜራ ደግኖ ሚቆም ሰው ያስጠረጥራል፣ ፍተሻ ባለበትና የጸጥታ ሰው ባለበት ጨርሶ አታውጣው። ሹፌሮቹን ፎቷቸውን በቴሌግራም ስትልክላቸው ራሳቸው እየዞሩ ይመጡልሃል፣ እኔ እንደዛ ነው ወዳጅ ያፈራሁት።

ሰዓቱም ዋና ነገር ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ አይኤስኦ 100 ሆኖ በ1/100 ለማንሳት አፐርቸር 16 አካባቢ ያስፈልጋል፣ ወደ 1/40 ስትወርድ ደሞ 25 አካባቢ ይደርሳል። እዛ ጋ ፎቶው ይለሰልሳል፣ ሴንሰሩ ላይ የተቀመጠ አቧራም ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይ ደሞ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ውጣ፣ ለስራህም ይመቻል፣ ፎቶ ቤቱ ሳይከፈት ትመለሳለህ።

የመጀመሪያ ቀን በ1/250 ጀምር። እሱ ሲያዝልህ ወደ 1/125፣ ከዛ 1/60፣ ከዛ 1/40። አትዝለል። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስታየው ፎቶውን 100 ፐርሰንት አሳድገህ ታርጋውን ወይ ባጃጁ ጎን ላይ የተጻፈውን ጥቅስ አንብብ። ከተነበበ ያዘው፣ ካልተነበበ ወዲያ አጥፋው፣ ለፍርድ አትቸገርም። መጀመሪያ ላይ ከመቶው አምስት ከተረፈልህ ጎበዝ ነህ፣ ይሄን ምልህ በሦስተኛው ቀን ተስፋ እንዳትቆርጥ ነው። ከጠፉት ደሞ ተማር፣ ድብዘዛው ወደ ጎን የተጎተተ ከሆነ ፍጥነትህ ከባጃጁ አልገጠመም፣ ወደላይ ወደታች ከሆነ ክርንህ ከጎንህ ተላቋል፣ የባጃጁ ጽሑፍ ደብዝዞ ኋላ ያለው ሱቅ ጥርት ካለ መዞርህን አቁመሃል።

ይሄ ነገር ለራሊ ብቻ እንዳይመስልህ፣ እንጀራህም ነው። ከአመታት በፊት የሠርግ አጀብ ላንሳ ብዬ አዘዞ መንገድ ላይ ቀድሜ ወርጄ ቆምኩ። መኪናዎቹ ክላክስ እያደረጉ መጡ፣ ሚዜው በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ ነጠላውን እያውለበለበ ነው፣ ሙሽሪት ከኋላ መስኮት አጠገብ። ከሃያ በላይ ፍሬም አነሳሁ፣ አንዱም አልሆነም፣ ለቤተሰቡም «የመንገዱ ፎቶ የለም» ብዬ መናገር ነበረብኝ፣ የሙሽሪት እናት ምንም አላሉኝም ግን ፊታቸውን አልረሳውም። ከዛ በኋላ ነው ባጃጅ ማንሳት የጀመርኩት። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሠርግ፣ ያው መንገድ፣ በ1/50 አነሳሁ። ባሕር ዛፉ አረንጓዴ ጭረት ሆኗል፣ የነጠላው ጫፍ እንደ ጭስ ተበትኗል፣ ከዛ ሁሉ መሃል የሙሽሪት አይንና ጆሮዋ ላይ ያለው ወርቅ ብቻ ጥርት ብሎ ቆሟል። ያቺ ፎቶ በትልቁ ታትማ ሳሎናቸው ተሰቅላለች። አንተም ናይቫሻ ከመድረስህ በፊት ደንበኞችህ ልዩነቱን ያዩታል።

ስለ «ተበላሸ» ፎቶ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ዣክ ኦንሪ ላርቲግ ሚባል ፈረንሳዊ ልጅ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ገና 20 ዓመት ሳይሞላው፣ የግራንድ ፕሪ ውድድር መኪና ሲያልፍ ካሜራውን ይዞ ዞረ። የዛን ጊዜ ሹተር ጠባብ ክፍተት ሆኖ ቀስ እያለ ነበር ፊልሙ ላይ ሚያልፈው፣ ስለዚህ የጎማው ታችና ላይ በተለያየ ቅጽበት ተቀረጹ፣ ጎማው እንቁላል መስሎ ወደፊት አጋደለ፣ ተመልካቾቹ ደሞ ወደኋላ ተንጋደዱ። መኪናው ራሱ ከፍሬሙ ግማሽ ወጥቷል። ልጁ አልወደደውም፣ ተቀምጦ ቀረ። ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ኒውዮርክ በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሲታዩ ነው ስሙ የገነነው፣ ዛሬ ፍጥነት ማለት ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከሚጠቀሱት ፎቶዎች አንዱ ያ ነው። በስልክህ ባጃጅ ስታነሳ መስኮቱ ሚያጋድልብህም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ስልኩ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ። እና ሚጠፋውን አጥፋ ግን ከማጥፋትህ በፊት ሁለቴ እየው።

ወደ ናይቫሻ እንሂድ። ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ያለ ነው፣ ኬንያዊው ሼካር መህታ 5 ጊዜ አሸንፎታል፣ ከዓለም ሻምፒዮናው ለብዙ ዓመት ወጥቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ተመልሷል። በቴሌቪዥን ምናየው ፎርሙላ 1 አንድ መንገድ ላይ እየደጋገሙ መዞር ነው፣ ሞናኮ ላይ መኪናዎቹ 78 ጊዜ ይዞራሉ፣ አንዱ ቢያመልጥህ ሌላው አለ። ራሊ ግን እንደዛ አይደለም። መኪናዎቹ በደቂቃዎች ልዩነት አንድ በአንድ ነው ሚመጡት፣ መጣ፣ አለፈ፣ በቃ፣ ምናልባት ከሰዓታት በኋላ ያንኑ መንገድ ደግመው ይመጡ ይሆናል። ለዛ ነው እዛ ሄደህ ልማር ማለት ማይሆነው፣ ተምረህ ነው ምትሄደው።

አቧራው ደሞ ሌላ ነው። የናይቫሻ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ፌሽ-ፌሽ ይሉታል፣ መኪናው ሲገባበት ደመና ያነሳል። ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ አይተህ አቧራው ከአንተ ሚርቅበት ጎን ቁም። ካሜራውን በፌስታል ሸፍነህ በላስቲክ እሰረው፣ ሌንሱ ብቻ ይውጣ፣ ሜዳ ላይ ሌንስ አትቀይር፣ 55-250ውን አስረህ ሂድ። ፀሐይዋ ከአቧራው በስተጀርባ ከሆነች አቧራው ራሱ ይበራል፣ ያኔ 1/500 አድርገህ የመጣበትን ደመና ጨምረህ አንሳው፣ ሁሉም ፓኒንግ መሆን የለበትም። ከጉብታ ላይ ሲዘል ወይ ውሃ ሲሰነጥቅ ደሞ የጥምቀቱ ሹተር 1/1000 ይመለሳል፣ አየር ላይ ያለ መኪና እንደ ዋናተኛው ነው፣ እሱን ታውቅበታለህ። መኪናው ሚያልፍበት ድንጋይ ወይ የመንገድ ጠርዝ ላይ ቀድመህ ፎከስ አድርገህ ሌንሱን ወደ ማንዋል ቀይረህ ጠብቀው፣ አለዚያ ፎከሱ አቧራውን ይይዛል።

ይሄን ደሞ አደራ ብዬ ነው ምልህ። ከኩርባ ውጨኛ በኩል በፍጹም እንዳትቆም፣ መኪና መንገድ ሲስት ሚሄደው ወደዛ ነው። ባጃጅ ላይ ያልኩህ ውስጠኛው ጎንም ራሊ ላይ ጥግ ድረስ አይሆንም፣ ሹፌሮቹ ኩርባውን ቆርጠው ስለሚገቡ፣ ራቅ ብለህ ከፍታ ላይ ሁን። እ.ኤ.አ. በ1986 ፖርቱጋል ራሊ ላይ ሕዝቡ አስፋልቱ ድረስ ገብቶ ቆሞ መኪና ሰው መሃል ገብቶ ሰዎች ሞተዋል። አስተናጋጆቹ ተነስ ካሉህ ተነስ፣ ጥሩ ቦታ ነው ብለህ አትከራከር፣ አይንህ ካሜራው ውስጥ ሲሆን ርቀት እንደሚያታልልህ ደሞ አትርሳ፣ ሌንሱ መኪናውን ሲያቀርብልህ ራስህ የት እንደቆምክ ትረሳለህ።

ከዕቁቡ ላይ ሁለተኛ ባትሪና አንድ ፈጠን ያለ ካርድ ግዛ፣ የቀረው ለመንገድህና ለመኝታህ ይሁን፣ ወንድምህ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳትወድቅ ብትሄድ ለአንተም ለሱም ክብር ነው። ዛሬ ማታ ደውልለትና የትኛውን የመንገድ ክፍል ሊያሳይህ እንዳሰበ፣ መንገዱ ወደየት አቅጣጫ እንደሚሄድና ስንት ሰዓት ላይ እንደምትደርሱ ጠይቀው፣ ፀሐይዋ ከየት በኩል እንደምትሆን ከአሁኑ ካወቅክ ጃንተከል ላይም በዛው አቅጣጫ ቆመህ ትለማመዳለህ።